ደሴ «ደሲ» ሆና እንዳትታተም፦ የፍሌክሶ ፕሌት አሠራርና አያያዝ

የዱቄት ማዳበሪያ ላይ «ደሴ» «ደሲ»፣ «ዱቄት» ደግሞ «ዱቂት» ሆኖ ያየ ሰው ጽሑፉን የለቀመው ልጅ ፊደል የሳተ ይመስለዋል። ልጁ አልሳተም። የ«ሴ» እና የ«ቄ» እግር ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ቀለም ሞልቷት ተደፍናለች፤ ቀለበት ሲደፈን ኃምሱ ሣልስ ይመስላል። በላቲን ፊደል ዓይን ቢደፈን ቃሉ ይቆሽሻል እንጂ ይነበባል፤ በእኛ ፊደል ግን ድምፁ ራሱ ይለወጣል።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚወቀሰው ማሽኒስቱ ነው። ቀለም ይቀጠናል፣ ግፊት ይቀነሳል፣ ቀለበቷ ግን አትከፈትም። ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለቀው ከሁለት ቀን በፊት፣ ፕሌቱ (ጽሑፉን ተሸክሞ የሚያትመው ለስላሳ ሰሌዳ) ብርሃን ሲያገኝና ሲታጠብ ነው። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ወይም ወልድያ ላይ ማዳበሪያ፣ ፌስታል፣ የውሃ ጠርሙስ ወረቀት ወይም ካርቶን የሚያትም ሰው ፕሌቱን ራሱ ባይሠራውም እንኳ እንዴት እንደሚሠራ ካወቀ የመጣለትን ፕሌት ማሽን ላይ ሳይጭነው መርምሮ መመለስ ይችላል።

ፕሌቱ ከምን ይሠራል

ፍሌክሶ እንደ ማኅተም ነው፤ ከፍ ያለው ቦታ ቀለም ይይዛል፣ ዝቅ ያለው አይነካም። ድሮ ላስቲክ ተቀርጾ ነበር የሚሠራው፤ ብርሃን የሚያጠነክረው ፖሊመር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። የዛሬው ፕሌት ከሥሩ የማይለጠጥ ስስ ፖሊስተር አለው (ብዙውን ጊዜ 0.18 ሚ.ሜ ገደማ)፣ ከላዩ ደግሞ ለስላሳ ፖሊመር። ፖሊመሩ ዩቪ (ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት) ብርሃን ያገኘው ቦታ ይጠነክራል፣ ያላገኘው በማጠቢያ ፈሳሽ ይሟሟል።

ውፍረቱን የሚወስነው የሚታተምበት ዕቃ ነው። ለስስ ፕላስቲክና ለጠርሙስ ወረቀት 1.14 ወይም 1.70 ሚ.ሜ፣ ለተሸመነ ማዳበሪያ 2.84 ወይም 3.94፣ ለካርቶን 3.94 እና ከዚያ በላይ ይወሰዳል። የማዳበሪያው ሽመና ጉብታና ጎድጓዳ ስላለው ስስ ፕሌት ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም፤ ለማስገባት ግፊት ሲጨመር ፊደሉ ይጨፈለቃል።

ምስሉ ወደ ፕሌቱ የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ፕሌቱ ላይ ነጋቲቭ ፊልም አስተኝቶ በላዩ ማብራት ነው። ሁለተኛው ፕሌቱ ራሱ ጥቁር ስስ ሽፋን ለብሶ ይመጣና ሌዘር ሽፋኑን እያቃጠለ ምስሉን ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከአንድ ሁለት ነገር በቀር ተመሳሳይ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ የሚያልቅ ሥራ

የቀለበቷ ዕጣ ግማሹ እዚህ ይወሰናል። የብራና ጽሕፈት የሚመስሉ፣ አንድ እግራቸው ወፍራም ሌላው ቀጭን የሆኑ ፊደላት ለመጽሐፍ ያምራሉ፤ ለማዳበሪያ አይሆኑም። መስመራቸው እኩል የሆነ፣ ቀለበታቸው ሰፋ ያለ ፊደል ምረጡ። ለመነሻ የሚሆን ልክ ይኸው፦ የቀለበቷ ውስጥ ክፍተት በስስ ፕላስቲክ ላይ ከ0.3 ሚ.ሜ፣ በተሸመነ ማዳበሪያ ላይ ከ1 ሚ.ሜ አይነስ። ከዚያ ካነሰ ወይ ፊደሉን አሳድጉ፣ ወይ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለውጣችሁ ቀለበቷን በእጅ ክፈቱ። በቀይ ወይም በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣ ጽሑፍ ደግሞ ከዚህም በላይ ይከብዳል፤ እዚያ የሚደፈነው ፊደሉ ራሱ ነው። ነጭ ጽሑፍ ሁልጊዜ ደመቅ (ቦልድ) ይሁን።

ጽሑፉ ወደ ቅርጽ ሳይለወጥ ፋይሉ ወደ ፕሌት ሠሪ ከተላከና እዚያ ያለው ኮምፒውተር ፊደሉ ከሌለው በምትኩ ሌላ ይገባል፣ ወይም ሳጥን ሳጥን ይወጣል። ይህ ተራ ነገር ነው፤ ግን በየጊዜው ፕሌት ያስጥላል።

ባርኮድ ካለ መስመሮቹ ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ይቁሙ። ተሻግረው ከተኙ ሲሊንደሩ ትንሽ በተንሸራተተ ቁጥር እያንዳንዱ መስመር ይወፍራል፤ መሣሪያውም አያነበውም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ የማይዘለል ነው። ጠፍጣፋ ፕሌት ሲሊንደር ላይ ሲጠመጠም ፖሊስተሩ አይለጠጥም፣ ላዩ ግን ይለጠጣል። ስለዚህ ምስሉ በዙሪያው አቅጣጫ ብቻ አስቀድሞ ማጠር አለበት። የፕሌቱን ውፍረት ውሰዱ፣ የፖሊስተሩን ቀንሱ፣ በ6.283 አባዙ፣ የአንድ ዙር ኅትመት ርዝመት ላይ አካፍሉ። ፕሌቱ 1.70፣ ፖሊስተሩ 0.18፣ ዙሩ 400 ሚ.ሜ ቢሆን፦ 1.52 ሲባዛ በ6.283፣ 9.55 ይሆናል፤ ለ400 ሲካፈል 2.39 በመቶ። ምስሉ በዙሪያው አቅጣጫ 97.61 በመቶ ሆኖ ይሠራል፤ በወርዱ አይነካም። ይህ ከተረሳ 100 ሚ.ሜ ክብ የነበረ የድርጅት ምልክት በአንድ በኩል 102.4 ሚ.ሜ ሆኖ እንቁላል ይመስላል። ዙሩ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል፤ ለአንዱ ሲሊንደር የተሠራ ፕሌት ሌላ መጠን ያለው ሲሊንደር ላይ አይጫንም።

በመጨረሻ ከሚቆረጠው ጠርዝ ውጭ አንዲት የመሞከሪያ መስመር ጨምሩ፦ «ሴ ቄ ጤ ።» በ6፣ በ8፣ በ10 እና በ12 ነጥብ የፊደል መጠን፣ አንዴ በጥቁር አንዴ በነጭ። ቀለበትና አራት ነጥብ ተቃራኒ ሕመም ነው ያላቸው። ብርሃን ሲበዛ ቀለበቷ ትደፈናለች፤ ብርሃን ሲያንስ አራቱ ነጥብ ታጥቦ ይሄዳል። ሁለቱም ደኅና የወጡበት ፕሌት ሌላው ጽሑፉ አያሳስብም።

የጀርባ ብርሃን

መጀመሪያ ፕሌቱ ጀርባውን ወደ መብራቱ አድርጎ ለጥቂት ሰከንድ ይበራበታል። ይህ ብርሃን ከታች ያለውን ፖሊመር አጠንክሮ ወለል ይሠራል፤ ፊደላቱ የሚቆሙት በዚህ ወለል ላይ ነው። ጊዜው በዛ ማለት ወለሉ ከፍ አለ፣ የቀለበቷ ጉድጓድ ጥልቀት አጣ፣ ቀለም በቶሎ ሞላት ማለት ነው። ጊዜው ካነሰ ወለሉ ዝቅ ይልና ቀጫጭን ፊደላት እንደ ረጅም ቀጭን እንጨት ይወዛወዛሉ፤ አራት ነጥብ እየተነቀለ ይወድቃል።

ትክክለኛውን ሰከንድ ከመመሪያ ላይ ቀድቶ መሥራት አያዋጣም፤ መብራቱ ያረጃል፣ የኤሌክትሪኩ ቮልት ይወርዳል። ፈተናው ይኸው፦ ከዚያው ካርቶን ውስጥ ካለው ፕሌት አንድ ቁራጭ ቆርጣችሁ ጀርባውን ወደ መብራቱ አድርጉ። ብርሃን በማያሳልፍ ወረቀት ሸፍናችሁ በየ10 ሰከንዱ አንድ ጣት ያህል ግለጡ፤ ስምንት ክፍል ይበቃል። ክፍሎቹን ቁጥር ስጡ፣ እንደ ተለመደው አጥባችሁ አድርቁና እያንዳንዱን በማይክሮሜትር (የውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ለኩ። ለ1.70 ፕሌት ወለሉ 1.0 ሚ.ሜ አካባቢ፣ ማለትም የፊደሉ ከፍታ 0.7 ገደማ የሆነበትን ሰከንድ ያዙ። ለ1.14 ከፍታው 0.5 እስከ 0.6፣ ለ2.84 ደግሞ 1 ሚ.ሜ ገደማ ይበቃል። አዲስ የፕሌት ካርቶን በተከፈተ፣ መብራት በተቀየረ ቁጥር ፈተናው ይደገማል። አንድ ቁራጭ ፕሌት ይባክናል፤ ካልተደረገ የሚባክነው ሙሉው ነው።

ዋናው ብርሃን

አሁን ፕሌቱ ፊቱን ወደ ላይ ያደርጋል፤ መከላከያ ላስቲኩ ይላጣል፤ ፊልሙ ደብዛዛ ጎኑን ወደ ፕሌቱ አድርጎ ይተኛል። ከማብራታችሁ በፊት የጽሑፉን አቅጣጫ አረጋግጡ፦ ቀለሙ በላይኛው ፊት ለሚታተም ሥራ የተጠናቀቀው ፕሌት ላይ ፊደሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ ይታያል። በስተውስጥ ለሚታተም ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ግን ፕሌቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

ፊልሙ ላይ የቫኪዩም ሽፋን ዘርግታችሁ አየሩን ሳቡ፤ ከመሐል ወደ ዳር በጨርቅ ዳብሱት። አየር የቀረበት ቦታ ፊልሙ ስለማይጣበቅ ብርሃኑ ከሥር ይገባና ቀለበቷን ይዘጋታል። እዚህ ላይ ደሴ የሚሠራ ሰው የሚያሳስበው ነገር አለ። መመሪያው የቫኪዩም መለኪያው 600 ወይም 650 ይድረስ ካለ አይደርስም፤ ፓምፑ ግን አልተበላሸም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ራሱ 560 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ መለኪያው ከዚያ አያልፍም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ሆና ጣሪያው 610 ገደማ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ማሳደድ ትቶ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅና ሽፋኑ ላይ አረፋ አለመኖሩን ማየት ይሻላል። በሌዘር የተከፈተው ፕሌት ፊልም ስለሌለው ቫኪዩም አያስፈልገውም፤ ክፍት አየር ላይ ነው የሚበራበት።

መብራቶቹን 5 ደቂቃ አሙቁ። ዋናው ብርሃን እንደ ፕሌቱና እንደ መብራቱ ከ8 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ጊዜው የሚመረጠው በመሞከሪያ መስመሯ ነው፦ በ8፣ በ10፣ በ12 እና በ14 ደቂቃ አብርታችሁ አጥባችሁ በማጉያ መነጽር እዩ። በ8 ነጥብ መጠን የተጻፈው «።» ሳይነቃነቅ የቆመበትና የ8 ነጥብ «ሴ» ቀለበት ክፍት የሆነበት አጭሩ ጊዜ ትክክለኛው ነው። ቀለበቷን በጣት ዳብሶ ማወቅ አይቻልም፤ ፕሌቱን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ጉድጓዷ ውስጥ ጥላ መኖሩን ተመልከቱ። ጥላ የሌላት ቀለበት ጥልቀት የላትም፤ ማሽን ላይ በመቶ ሜትር ውስጥ ትሞላለች።

መሐል ላይ መብራት ከጠፋ? ስንት ደቂቃ እንደቀረ ወዲያው ጻፉ፣ ፕሌቱን ከክፍል ብርሃን ሸፍኑ። መብራት ሲመጣ ፕሌቱ ተሸፍኖ እንዳለ ላምፖቹን አሙቁና ቀሪውን ጨርሱ። ለማዳበሪያ ትልልቅ ፊደል ይህ ያስኬዳል። ጥቃቅን ጽሑፍ ወይም ፎቶ ላለው ሥራ ግን አይታመንም፤ በተቋረጠበት ጊዜ ኦክስጅን ፖሊመሩ ውስጥ ተመልሶ ስለሚገባ ደቃቁ ነጥብ በቂ ጥንካሬ አያገኝም። ጄኔሬተር ላይ ስትሠሩ ደግሞ ቮልቱ ከወረደ የዩቪው ኃይል አብሮ ይወርዳል፤ የዩቪ መለኪያ ያለው ሰው ከሰዓቱ ይልቅ መለኪያውን ይመን።

ክፍሉ ነጭ አምፖልና ክፍት መስኮት አይኖረውም። የደሴ ፀሐይ ብርድ ስላለ ደካማ ትመስላለች እንጂ ከፍታው ላይ ዩቪዋ ከቆላ ይበረታል። መስኮቱ ዩቪ የሚያግድ ቢጫ ፕላስቲክ፣ አምፖሉም ቢጫ ይሁን።

ማጠብና ማድረቅ

በማጠቢያው ውስጥ ብሩሽ እየፈተገ ያልጠነከረውን ፖሊመር ያወጣል፤ ለ1.70 ፕሌት ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ገደማ። ፈሳሹ 30 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። በደሴ ክረምት ጠዋት ቀዝቅዞ ከተጀመረ አያጥብም፤ ሠራተኛው ጊዜ ይጨምራል፣ ፕሌቱ ፈሳሽ ጠጥቶ ያብጣል። የሟሟው ፖሊመር ፈሳሹ ውስጥ ከ5 እስከ 6 በመቶ ሲደርስ ፈሳሹ ይወፍራል፤ ያን ጊዜ ቀለበቷ ውስጥ ዝቃጭ ይቀራል። ከማጠቢያው እንደወጣ ፕሌቱን ንጹሕ ፈሳሽ በነካ ጨርቅ ሳይፈትጉ መጥረግ ይህን ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ፕሌቱን ፈሳሹ ውስጥ አትተዉት፤ በእጅ አውጡት። በውሃ የሚታጠብ ፕሌትም አለ፤ ሽታና የእሳት አደጋ ለሚያስጨንቀው አነስተኛ ክፍል እሱ ይመረጣል።

ጓንትና አየር ማስወጫ የግድ ነው። ያገለገለ ፈሳሽ በርሜል ውስጥ ተከድኖ ይቀመጣል፣ ለማጣራት ወይም ለማስወገድ ይሰጣል፤ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርድ ቱቦ ውስጥ አይደፋም።

ማድረቅ የትዕግሥት ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም እዚሁ ላይ ነው። ፕሌቱ ሲታጠብ አብጧል። በ60 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 2 ሰዓት (ወፍራሙ 3) ይቆይና ወጥቶ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተኝቶ ያድራል። ሙቀቱን ወደ 70 ከፍ አድርጎ ጊዜ ማሳጠር አይቻልም፤ ፖሊስተሩ ይኮማተርና ቀለም በቀለም ላይ አይገጥምም። አዳሩን የዘለለ ፕሌት መሐሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ ሆኖ ይቀራል። በማይክሮሜትር ዘጠኝ ቦታ ላይ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ0.02 ወይም 0.03 ሚ.ሜ ከበለጠ ገና አልደረቀም። እንዲህ ያለው ፕሌት ስሱ ቦታ እንዲያትም ግፊት ይጨመርበታል፤ ወፍራሙ ቦታ ላይ ያለችው ቀለበት ዕዳውን ትከፍላለች።

ከዚያ ሁለት ብርሃን ይቀራል። ፕሌቱ እንደገና በዩቪ ኤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበራበትና እስከ ውስጡ ይጠነክራል፤ በ254 ናኖሜትር ዩቪ ሲ ደግሞ ላዩ መጣበቁን ይተዋል። ፕሌቱ አሁንም እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ዩቪ ሲው አንሷል ወይም አልደረቀም። ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ በዝቷል። የዩቪ ሲ መብራት ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ክዳኑ ተከፍቶ አይሠራም።

ሲሊንደር ላይ መለጠፍ

ሲሊንደሩን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተሩ ሦስት ዓይነት ነው፤ ለሙሉ መደብ ጠንካራ፣ ለፎቶና ለነጥብ ለስላሳ፣ ለተደባለቀ ሥራ መካከለኛ። ጽሑፍ ብቻ ያለበት ማዳበሪያ በመካከለኛው ይሄዳል። ፕላስተሩን ከመሐል ወደ ዳር እየጫናችሁ ለጥፉ፤ ሁለት ጠርዝ አይደራረብ። ከሥሩ የቀረ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ወይም የአየር አረፋ ላዩ ላይ ጉብታ ይሆናል፤ እዚያ ቦታ ያለው ፊደል በየዙሩ ተጨፍልቆ ይወጣል። ስሕተቱ በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ ከተመላለሰ ነገሩ ከሥር ነው፤ ቀለሙን አትነካኩ።

ፕሌቱን በመግጠሚያ ምልክቶቹ አስተካክላችሁ ካሳረፋችሁ በኋላ ጠርዞቹን በፕላስተር አሽጉ፤ ቀለምና አልኮል ከሥር ገብቶ ያስነሳዋል።

ማሽኑ ላይ

ቀለሙን ፕሌቱ ላይ የሚያመጣው አኒሎክስ ነው፤ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ ሲሊንደር፣ ትርፉን ምላጭ የሚጠርግለት። ፕሌቱ ላይ ነጥብ ያለው ምስል ካለ የአኒሎክሱ መስመር ብዛት ከፕሌቱ 5 ወይም 6 እጥፍ ይሁን፤ ለምሳሌ ፕሌቱ በሴንቲ ሜትር 40 መስመር ከሆነ አኒሎክሱ 200 እስከ 240። ጉድጓዶቹ በደረቀ ቀለም ከተደፈኑ ኅትመቱ ይነጣል፤ ማሽኒስቱም ለማድመቅ ግፊት ይጨምራል። ግፊት ሲጨመር መጀመሪያ የምትደፈነዋ ያችው ቀለበት ናት። ስለዚህ ኅትመት ሲነጣ እጅ ከግፊቱ በፊት ወደ አኒሎክሱ ይሂድ።

ግፊቱ መሳም ያህል ነው። ፕሌቱ ፕላስቲኩን ነካ ካደረገበት ቦታ 0.05 እስከ 0.1 ሚ.ሜ ብቻ ይጨመራል። ግፊት መብዛቱን የሚናገረው የፊደሉ ዳር ነው፤ መሐሉ ፈዛዛ፣ ዙሪያው ደማቅ መስመር ያለው ፊደል ተጨፍልቋል ማለት ነው።

ቀለሙ «ዛን ቁጥር 2» በሚባለው ከሥሩ ቀዳዳ ባለው የውፍረት መለኪያ ዋንጫ ሲለካ፣ ፈስሶ የሚያልቅበት ጊዜ 20 እስከ 25 ሰከንድ ላይ ይጀመር። በኮምቦልቻ ቀትር አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን ቀለሙ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወፍራል፤ በየ20 ደቂቃው እየለኩ ጥቂት በጥቂት አልኮል መጨመር እንጂ ወፍሮ ሲያበቃ አንድ ጆግ መገልበጥ አይጠቅምም። ደሴ በጭጋግ ቀን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀለሙ አይደርቅም፣ ጥቅልሉ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ለማፍጠን ኤቲል አሲቴት ይጨመራል፤ ከማቅጠኛው 15 እስከ 20 በመቶ ካለፈ ግን ፕሌቱን ያሳብጠዋል። ፕላስቲኩ ራሱ ካልተዘጋጀ ደግሞ ምንም ቢደረግ ቀለም አይዝም፤ ፖሊኤቲሊን ቢያንስ 38 ዳይን (የፕላስቲኩ ፊት ቀለም የመቀበል አቅም የሚለካበት ቁጥር) መሆኑን በመለኪያ እስክሪብቶ አረጋግጡ። እስክሪብቶው ያሰመረው መስመር ወደ ጠብታ ከተሰበሰበ ጥቅልሉ አይሠራም።

ማጽዳትና ማስቀመጥ

ማሽኑ ለምሳ ከቆመ ፕሌቱ ይታጠባል። ቀለበቷ ውስጥ የደረቀ ቀለም በኋላ በብሩሽ ሲቆፈር ግድግዳዋ ይጎዳል። ማጠቢያው ቀለሙ የተቀጠነበት አልኮል፣ ብሩሹ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያህል ይሁን። ቲነርና ቤንዚን በየሱቁ ስላለ እጅ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሁለቱም ፖሊመሩን ያሳብጣሉ። ያበጠ ፕሌት ሲደርቅ ወደ ልኩ ይመለስ ይሆናል፣ ፊደሉ ግን ይጠነክርና ይሰነጠቃል።

ያልተሠራ ፕሌት በካርቶኑ ጠፍጣፋ ተኝቶ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፤ ቆሞ ከተቀመጠ ወይም ሙቀት ካገኘው ለስላሳው ፖሊመር ወደ ዳር ይፈሳል። ከጅቡቲ በሚሌ ሜዳ የመጣ ካርቶን ከመከፈቱ በፊት ዳሩን ፈትሹ፤ ፖሊመር ከፖሊስተሩ ወጥቶ ከተንጠባጠበ ወይም ከተጣበቀ ያ ካርቶን ሙቀት ላይ ቆይቷል። ውፍረቱን ሳትለኩ አትረከቡ።

የተሠራ ፕሌት ከሲሊንደሩ ሲላቀቅ በአንድ ጥግ ይዞ መጎተት ፖሊስተሩን ያጥፈዋል፤ ከዳር ጀምሮ ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ ይላጣል። ታጥቦና ደርቆ፣ በመካከሉ ወረቀት ገብቶ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይተኛል። ከሞተርና ከኮሮና ማሽን (የፕላስቲኩን ፊት ቀለም እንዲይዝ በኤሌክትሪክ ከሚያዘጋጀው) ይራቅ፤ የሚወጣው ኦዞን ፖሊመሩን ይሰነጥቀዋል። ከፕሌቱ ጋር አንድ ወረቀት አብሮ ይቀመጥ፦ ውፍረቱ፣ የዙሩ ርዝመት፣ የፕላስተሩ ዓይነት፣ የተሠራበት ቀን፣ ከመጨረሻው ኅትመት የተቆረጠችው «ሴ ቄ ጤ ።» ያለችበት ቁራጭም ተለጥፋ። ፕሌቱ ለሚቀጥለው ሥራ ሲወጣ የመጀመሪያው ኅትመት ከዚያች ቁራጭ ጎን ይያዝ፤ ቁራጯ ላይ ክፍት የነበረች ቀለበት አዲሱ ላይ ከጠበበች፣ ፕሌቱ አብጦ ወይም አርጅቶ እንደሆነ ጥቅልሉ ሳይጀመር ይታወቃል።